የምኒልክ ድኩላ
ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሕይወት፣ ስለ ዱር አራዊትና ስለ መጀመሪያው የአደን ሕግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ሸዋ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተመድቤ ሳለሁ፣ ለአፈር ምርመራ ካስቆፈርኋቸው ጉድጓዶች አንዱ ከደን ጥግ ላይ ነበር። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ናሙናውን በማግሥቱ ወስደን እንደፍነዋለን በሚል ሐሳብ ሳይከደንና ሳይታጠር አደረ። ጧት ከቦታው ስንደርስ መልኩ ወደ ጥቁረት የሚያደላ፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ ወንድ ድኩላ ወድቆበት ሞቶ አገኘነው። ሠራተኞቹ አወጡት፤ እኔም ናሙናዬን አስወስጄ፣ ጉድጓዱን አስደፍኜ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። በዕለቱ ሪፖርቴ ውስጥ ስለ ድኩላው አንድም ቃል አልጻፍሁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የደኑ ዘበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ወደ ድንኳኔ መጡ። የሞተው እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ደኖች በቀር የማይገኝ መሆኑን፣ ስሙም የምኒልክ ድኩላ እንደሚባል አስረዱኝ። ያለ ፈቃድ የገደለው ሰው በሕግ እንደሚጠየቅም ነገሩኝ። ቀጥለውም ይህን ታውቅ ኖሯል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለማወቄን ስነግራቸው ምንም ሳይመልሱ ሄዱ። አምስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስማር የአፈርን ጠባይ፣ የብረትንና የድንጋይን ጥንካሬ አጥንቼአለሁ፤ በምሠራበት ምድር ላይ የሚኖረውን ፍጡርና የሚጠብቀውን ሕግ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ሐሳቤ ወደዚያ ጉድጓድ ተመለሰ። የዐፄ ምኒልክ የአድዋ ድል፣ ያስገቡት ስልክና ያስጀመሩት የምድር ባቡር በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። እኔ የምከተለው ብዙ ያልተሄደበትን መንገድ ነው፤ ይኸውም እኚህ ንጉሠ ነገሥት ከአገራቸው ዱርና ከዱሩ አራዊት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ሕፃኑም ሣህለ ማርያም ተብለው ነበር። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ አባታቸው ታመው ሞቱ። ወጣቱ አልጋ ወራሽም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በመቅደላ አምባ ላይ ወደ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ወር በሌሊት አምልጠው በወሎ በኩል ሸዋ ገቡ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ።

ያ ዘመን የሰው ክብር በግዳይ የሚለካበት ዘመን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። አንበሳ የገደለ በጎፈር ይሸለማል፤ ዝሆን የገደለ በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥላል፤ ፉከራውና ቀረርቶውም የሚቆመው ግዳይን በመቁጠር ላይ ነው። አውሬን መግደል የጀግንነት ምስክር እንጂ ነውር አልነበረም። ስለዚህ የምኒልክን ሥራ በዛሬው የጥበቃ ሚዛን ብቻ መመዘን ፍትሕ አይሆንም፤ ከሚዛን ውጭ ማድረግም እንዲሁ እውነትን መሸሽ ነው።

የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ በኋላ የምኒልክ ትልቁ ጭንቀት የጦር መሣሪያ ማግኘት ነበር። ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ነጋዴውም የሚቀበለው ዋጋ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። ሸዋ በዚያን ጊዜ ለውጭ ገበያ ልታቀርብ ከምትችላቸው ጥቂት ዕቃዎች መካከል የዝሆን ጥርስ ዋነኛው ነበር። ከከፋ፣ ከጅማና ከሌሎችም የደቡብና የምዕራብ አገሮች በግብርና በንግድ የሚሰበሰበው ጥርስ በቅሎና ግመል እየተጫነ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ይወርድ ነበር፤ በምላሹም ጠመንጃና ጥይት ይመጣ ነበር። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተስፋፋ ጊዜ በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ መከራ ተቀበለ። ከሕዝቡ ጋርም ዝሆኑ ተሳደደ። ጥርስ ጠመንጃ ገዛ፤ ጠመንጃው ደግሞ ተጨማሪ ጥርስ አመጣ።

በእነዚሁ ዓመታት ምኒልክ ሳያስቡት ስማቸውን ከአንድ ሌላ የዱር እንስሳ ታሪክ ጋር አገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። ኡስታሌ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ እንስሳውን ቢመረምረው መስመሩ ቀጫጭንና ብዙ፣ ጆሮው ሰፊና ክብ፣ ከዚያ በፊት ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ስሙንም በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ በሰሜን ኬንያና በአገራችን በአላይደጌ ሜዳና በጥቂት የደቡብ ቦታዎች ብቻ የቀረ፣ በእጅጉ የተመናመነ እንስሳ ነው።

ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1887 ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጅቶት ነበር። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናቡም ጠፋ፤ አንበጣና ተምችም ተከተሉ። በሽታው በቤት እንስሳት ብቻ አልቆመም፤ ጎሽንና ሌሎችንም የሚያመሰኩ አራዊት እየጨረሰ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥም ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በረኃብ የደከመውን ሰው ጅብና አንበሳ ከመንደሩ ድረስ እየመጡ እንደ በሉት የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ መኳንንቱና ሕዝቡ እንዲከተሏቸው በማለትም ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። የቤቱ ከብት፣ የዱሩ አውሬና የሰው ሕይወት በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸውን ከዚያ ዘመን ይልቅ ያሳየ ዘመን በታሪካችን አይገኝም። ያ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ከክፉው ቀን በኋላ የመጣው የአድዋ ጦርነት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን ድል እዚህ መተረክ አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ግን ላንሣ፤ በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ሠራዊት ከያዘው ጠመንጃ ብዙው የተገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ዋጋ ነው። ነፃነታችን ከተከፈለበት ዋጋ ውስጥ የዝሆኑም ድርሻ አለበት። ይህን ስል ድሉን ለማሳነስ አይደለም፤ ዕዳው ለማን እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ደኑ ልመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ፣ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። በዚያ ዘመን ከተማ የሚነቀለው ጠላት ሲመጣ ብቻ ሳይሆን እንጨት ሲያልቅም ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ እንጨት በሚገኝበት አገር፣ አዲስ ዓለም ብለው የሰየሟትን ከተማ መሥራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥትም ታነፀላት፤ ከአዲስ አበባም መንገድ ተቀየሰላት። ይህ መንገድ በዘመናዊ አሠራር በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆኑ ለሞያችን ታሪክም የሚጠቀስ ነው።

እኔ የተወለድሁባት እንጭኒ ከአዲስ ዓለም በስተሰሜን፣ ደጋው ወደ ሙገር ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ምኒልክ ሐሳባቸውን ባይለውጡ ኖሮ እኛ የዋና ከተማ ጎረቤቶች በሆንን ነበር። ነገር ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ለለውጡ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመነጨ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ሞንዶን ቪዳዬ በሚባል ፈረንሳዊ አማካሪ አማካይነት እንደገባ የሚነገርለት ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደርስ፣ ቢቆረጥም እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም ችግኝ እንዲታደል፣ ለተከለውም ሰው ግብር እንዲቀልለት እያደረጉ ተክሉን አስፋፉ። አዲስ አበባ ማገዶዋን ከደጃፏ ማግኘት ስለ ጀመረች ከቦታዋ አልተነቀለችም። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ደግሞ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ አፈር ያደርቃል እየተባለ የሚቀርብበትን ክስ አውቃለሁ፤ በብዙ ቦታ እውነትነት አለው። ያደግሁበት ቤት ግን ምሰሶውም፣ ማገሩም፣ ማገዶውም ባሕር ዛፍ ነበር፤ የእንጭኒ ቤቶች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ያ ሁሉ እንጨት ከጥድና ከወይራ ደን ቢመጣ ኖሮ በምዕራብ ሸዋ ዛሬ ደን የሚባል ነገር ባልተገኘ ነበር።

ከተረፉት ደኖች ዋነኛው በወጨጫ ተራራ ጎን የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል። ዐፄ ምኒልክም የቤተ መንግሥት ደን አድርገው አስጠበቁት። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ከነጉሬዛው እስከ ዛሬ በዚያ አለ፤ ጥቁሩ ድኩላም በዚያ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1901 ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ሱዳን የሄደው ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥና የእንስሳት ሊቅ፣ ይህ የደጋ ድኩላ ከሌላው የአፍሪካ ድኩላ የተለየ ዘር መሆኑን ገልጾ በ1902 በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሰየመው። በጉድጓዴ ውስጥ የሞተው እንግዲህ ከዚህ ዘር አንዱ ነው።

በዚያው ዘመን የአፍሪካ አራዊት ማለቅ አውሮፓውያንንም ማሳሰብ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1900 በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የነበራቸው መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው አራዊትን፣ አእዋፍንና ዓሣን ስለ መጠበቅ ስምምነት ፈረሙ። ክብደቱ ከአምስት ኪሎ ግራም በታች የሆነ የዝሆን ጥርስ እንዲወረስ የሚል ድንጋጌም ነበረበት። ስምምነቱ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ኢትዮጵያ በማንም ሥር ያልወደቀች አገር ስለ ነበረች የአራዊቷን ነገር የሚወስንላት ሌላ አልነበረም። ሕጉንም ያወጣችው ራስዋ ናት። በ1901 ዓ.ም. ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1909 በሚባለው ዓመት፣ ዐፄ ምኒልክ አደንን የሚመለከት ደንብ አወጡ። በአገራችን የዱር አራዊት ሕግ ታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ደንብ ሲሆን፣ በተለይ ያተኮረውም በዝሆን አደን ላይ ነው።

ይህን ደንብ ያወጡት ሰው በወጣትነታቸው ጠመንጃ በዝሆን ጥርስ ይገዙ የነበሩት እነዚያው ምኒልክ ናቸው። ልባቸው ለአውሬው ራርቶ ይሁን፣ ወይም የመንግሥት ገቢ የሆነው ጥርስ እንዳይነጥፍ አስበው፣ ሁለቱ ምክንያቶች የሚቃረኑ አይመስለኝም። ሊያልቅ የሚችል ሀብት መሆኑን ማወቅ የጥበቃ ሁሉ መጀመሪያ ነው። በዘመናቸው መጨረሻ ዝሆኑ ወደ ሩቅ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቆላ እየሸሸ መሄዱ የተሰወረ አልነበረም።

ደንቡ ሲወጣ ግን ምኒልክ በጠና ታመው ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው፣ ቀጥሎም የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ነበር። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ሕመሙ ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ ከሥራ አገዳቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የአደን ደንባቸውንም የሚያስፈጽም የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ ነው።

አሁን እንደ መሐንዲስ ሁለቱን ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልመርምር። በደን በኩል፣ ምኒልክ መናገሻን አስጠበቁ፤ ከዚህም ጋር ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት የሚሆነውን እንጨት ከሌላ ምንጭ እንዲያገኝ አደረጉ። ደኑ ቢጎዳም ቆይቷል። በዝሆን በኩል፣ ደንብ አወጡ፤ ነገር ግን የጥርሱ ገበያ እንደ ሞቀ ነበር፤ የመንግሥቱም ገቢ ከዚያው ገበያ ይቀዳ ነበር፤ ጠመንጃው በየቤቱ ነበር፤ የሚጠብቅ ዘበኛም አልነበረም። ዝሆኑ ማለቁን ቀጠለ። ልዩነቱ የሕጉ ቃል ጥብቅ መሆን ወይም መላላት አይመስለኝም። ሰውን ወደ ደኑ የሚገፋውን ችግር ያቃለለው ሥራ ፀንቷል፤ ክልከላ ብቻ የሆነው በወረቀት ቀርቷል። አንድ ግንብ ውኃ ሲገፋው ግንቡን ማወፈር አንድ መፍትሔ ነው፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይ መቁፈር ደግሞ ሌላ ነው። ብልህ ሠሪ ሁለቱንም ያደርጋል።

ከምኒልክ በኋላ ሕጎቹ እየተሟሉ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 የአደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በ1957 ዓ.ም. የዱር አራዊትን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታወጁ፤ ዝርዝር የጥበቃ ደንብም በ1972 ተከተለ። አገራችን ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚገዛበትን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1989 ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኮንትሮባንድ የተያዘ ስድስት ቶን የሚያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በአደባባይ አቃጠለ። አንድ ጊዜ የአገር ግምጃ ቤት መሙያ የነበረው ዕቃ በመንግሥት ትእዛዝ ዐመድ ሲሆን ማየት፣ በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ የአስተሳሰብ ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ዝሆኑ ግን ዛሬ በባቢሌ፣ በማጎ፣ በኦሞ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በቃፍታ ሽራሮና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ብቻ ተወስኖ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ለመሐንዲሶች ምናችን ነው? በምኒልክ ዘመን አራዊትን የሚያጠፋው ዋናው ኃይል ጠመንጃ ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን አዳኝ ያልሆነ ሰው፣ አንድ ጥይት ሳይተኩስ፣ በሚቀይሰው መስመር ብቻ አንድን መንጋ ከውኃው ሊለየው ይችላል። ከእንጭኒ ወደ ሙገር በሚወርደው አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ ያድራል፤ ጧት ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይግጣል። ጭላዳም ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። የዚያው ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ለአገሪቱ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ሲሚንቶውም ያስፈልገናል። ድንጋዩ አይውጣ፣ መንገዱ አይሠራ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ የምኒልክም ትምህርት ይህ አይደለም። የምለው፣ ቅየሳችን ከመጽደቁ በፊት በዚያ መስመር ላይ ማን እንደሚያድርና ማን እንደሚሻገር ጠይቀን እንወቅ፤ የሥራ ካምፓችን ማገዶ ከየት እንደሚመጣ በውላችን ውስጥ እንወስን፤ ሠራተኞቻችንም ወጥመድ ማጥመድ ወንጀል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ከደሞዛቸው ልክ ጋር አብረን እንንገራቸው ነው። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም።

ያ ድኩላ ከሞተ በኋላ በማዘጋጀው የሥራ ዝርዝር ሁሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ፤ ማናቸውም የምርመራ ጉድጓድ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይደፈን፣ ካልተቻለም ይከደን ወይም ይታጠር የሚል ነው። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ተቋራጮች ምክንያቱን ይጠይቁኝ ነበር። ጉድጓድ ለልጅም ለከብትም አደጋ ነው ብዬ ብመልስ በቂ በሆነ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ድኩላው እነግራቸዋለሁ። ማኅበራችን ይህችን አንቀጽ በሚያዘጋጃቸው የሥራ መመሪያዎች ውስጥ ቢያስገባት፣ ለእኚያ የደን ዘበኛ ያልሰጠኋቸውን መልስ ዘግይቼም ቢሆን የሰጠሁ ይመስለኛል።